የኦቦ ጅሎ ፖስትካርድ

ነገሌ ቦረና ውስጥ በእጄ የሠራኋቸውን ፖስትካርዶች እሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ኦቦ ጅሎ የሚባሉ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት መጡ። ፊልቱ ላለው ወንድማቸው «ላሟ ወለደች» የሚል ካርድ አዘዙኝ። ይህ ደግሞ ምን ካርድ ይባላል ብዬ፣ ሳልነግራቸው ቃላቸውን ትቼ አበባ ቆርጬ ለጠፍኩበትና «መልካሙን ሁሉ ተመኘሁልህ» የሚል ማኅተም በወርቃማ ቀለም መታሁበት። አሽጌ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ።

«ናጋ ነሽ ልጄ? እንዳልኩሽ ጽፈሽው ነበር ወይ?»

መዋሸት አልቻልኩም፤ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በዚያች ላም ነበር» አሉኝ። «ስትወልድ ጥጃውን ወስዶ እንዲታረቀኝ ሽማግሌዎች ፈርደው ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ! አሁኑኑ ሌላ ልሥራልዎ፤ እኔው ራሴ ፊልቱ አደርሰዋለሁ» ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ፤ ትናንት ቀብሬው መምጣቴ ነው።»