የእትዬ ክዳን አውራ ጣት

በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አዋላጅ ነርሷን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ክዳን» ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በተለማማጅ ነርሶች ጆሮ ላይ «የመርፌ ክዳን አትመልሱ! እንደጨረሳችሁ ወደ ቢጫው ሳጥን!» እያለች ስለጮኸች ነው። ቅጽል ስሟን ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ቀን ሲጎድል ግን ምን ይደረጋል? አንድ ጠዋት ኤችአይቪ በደሟ ያለባትን ወጣት እናት አዋለደች። ለስፌት ያደነዘዘችበትን መርፌ ልትጥል ዞር ስትል ሳጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል። እጇ ሳታዘው የመርፌውን ክዳን አንስቶ ሊመልስ ሞከረ። መርፌው ጓንቱን በስቶ ግራ አውራ ጣቷ ውስጥ ገባ። «ውይ!» አለች።

በሳሙና ታጠበች፤ ሰዓት ሳይሞላ የሃያ ስምንት ቀን መከላከያ ኪኒን ተሰጣት። ሐኪሙ «እናትየዋ መድኃኒቷን አታቋርጥም፤ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው» አላት። ትንሽ! ትንሽነቱ ለተናጋሪው ነው እንጂ ለተወጋው መች ይታየዋል? ቤቷ ገብታ ከባሏ ትራስ ትራሷን አራቀች።

በሦስተኛው ቀን ኪኒኑ ሆዷን ገልብጦት፣ የዕለቱን ፍሬ በመዳፏ ይዛ የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ሥር ቆማለች። ወጣቷ እናት ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል አየቻት።

«እትዬ፣ ምግብ ቀምሰው ይዋጡት። የሚያቅለሸልሸው መጀመሪያ ላይ ነው» አለቻት። «እናቴ መድኃኒቱ ሳይደርስላት ሞተች። እኔን አክስቴ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በማር እየለወሰች አስለመደችኝ። ይኸው ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ።»

እትዬ ክዳን የያዘችውን ፍሬ እንደ አዲስ አየችው። ስንት ሺህ እንዲህ ያለ ፍሬ ስታድል ኖራለች! ጥፍር የምታህል ነገር፣ እናት የሌላትን ልጅ አሳድጋ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅታ፣ ልጅ አሳቀፈቻት። እሷ ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን በዝቶባት ቆማለች። አፈረች፤ ዋጠችው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የሕፃኗም የእሷም ውጤት በአንድ ቀን ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች አብረን እንስማ ብለው ላቦራቶሪው ክፍል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለሙያው ከሕፃኗ ጀመረ፤ ነፃ ናት። እትዬ ክዳን እናትየዋን ልታቅፍ ዘለለች። ሴትየዋ ግን ወረቀቱን አጥፋ ልጇ መጠቅለያ ውስጥ ሸጎጠችው፤ ፊቷ አልተፈታም።

«ምነው አንቺ ልጅ?»

«የእርስዎ ይምጣ።»

ባለሙያው ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠ። «ነፃ ነሽ እትዬ። ለማረጋገጥ ሌላ ጊዜ አንዴ ትመለሻለሽ።»

ወጣቷ እናት ለልጇ ያላፈሰሰችውን እንባ ያኔ አፈሰሰችው። ያቺን አውራ ጣት በሁለት እጇ ጨብጣ «ያን ዕለት ‹ውይ!› ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። የኔ ደም ሰው ጎዳ እያልኩ።»

እትዬ ክዳን ያን ያህል ቀን ለራሷ ስትፈራ፣ ሌላ ሰው ለእሷ ይፈራ እንደነበር አንዴም አላሰበችም። በሌላው እጇ እናትየዋን ከነልጇ አቀፈቻት።