ባጃጅ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም

ኋላ ላይ «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ስለበዛ፣ የዚያን እሑድ እነማን እንደነበሩ አስቀድሜ ልጻፍ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁለቱ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ከታችኛው ሰፈር የመጡ፣ ከሁሉም ታላቅ የሆኑና እግራቸውን የሚያማቸው አባት ናቸው። የጥግ ቤቱ ነጋዴ፣ ባለ አይሱዙው፣ ከነሚስቱ ነበረ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጣው፣ ነበረ። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች መምህርት ነበረች፤ ኦሮምኛው ገና ስለሆነባት አጠገቤ አስቀምጬ እተረጉምላት ነበር። ግቢያቸውን የሰጡን ባልቴት ነበሩ፤ ማንጎው ሥር የተደረደረው አግዳሚ ወንበር የእርሳቸው ነው። እኔ ነበርኩ። ትንሿ ልጄ ጉልበቴን ተደግፋ ቆማ ነበረች።

አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ ሄዷል። የባጃጅ ሹፌር ነው። ታላቁን ሽማግሌ ከቤታቸው ይዟቸው መጣና በሩ ላይ ክንዳቸውን ደግፎ አወረዳቸው። እርሳቸውም እንደ ወጉ መረቁት። አሜን ብሎ ተቀበለና ባጃጁን አዙሮ ወደ ሥራው ሄደ። ጉባኤው የተጠራው በእርሱ ላይ መሆኑን አላወቀም። ሽማግሌውም የሚፈርዱበት ሰው ይኸው ክንዳቸውን የያዘው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የመጣው ከአስፋልቱ ነው። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባጃጅና ጭነት መኪና እንዳይቆም ተከለከለ፤ ምልክት ተተከለ፣ የተላለፈም ተቀጣ። መከልከሉን አልቃወምም፤ እዚያ ልጅ ይዞ መሻገር ጭንቅ ነበር። ግን «ታዲያ የት ይቁሙ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እነሱም ወደ ውስጥ፣ ወደየሰፈሩ ገቡ። ከስንት ልመና በኋላ ድንጋይ የተነጠፈላት የእኛ ቅያስ በባጃጅ ተሞላች። ጡሩምባው አለ፣ ድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት አለ፣ አጥር ሥር የሚሸናው አለ። እኔም ወጥቼ ተናግሬያለሁ፤ ቆርቆሮዬ ሥር እሾህ ደርድሬያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቦታ ለመያዝ በየበሩ ድንጋይ አስቀመጠ፤ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ያነሳል፤ በማግስቱ ጠብ ነው። የተነሣው ድንጋይ ቦዩን ደፍኖ ፍሳሹ ወደ መምህርቷ በረንዳ ሲገባ፣ እርሱም ራሱን የቻለ ጠብ ሆነ።

ከእነዚያ ሁሉ ግን አንዱ፣ ያ ሽማግሌውን ያመጣው፣ የእኛ ሰው ነበር። የቢላ ከተማ ልጅ ነው። በባልቴቷ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ዓመታት ኖሯል። ባጃጁን በእርሳቸው በር ጥግ አስጠግቶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ያሳድር ነበር። አስፋልቱ ሳይከለከልም በፊት የሚያቆመው እዚያው ነው። ከእነዚያ ጋር አብሮ የሚቆጠር እንግዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ደረት መናገር አለብኝ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ልጄ አስም አለባት። የነቀምቴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲከርም ብርዱ ከግድግዳው አይወጣም። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የልጄን ትንፋሽ ግን ሌላ ክፍል ሆኜም አውቀዋለሁ። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ከጀመረ የሚነፋው መድኃኒት ብቻውን አይበቃትም፤ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። እኛ ዘንድ ባጃጅ በጊዜ ከመንገድ ይወጣል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ በቀንም ለምነሽ አታገኚውም። ስለዚህ ልብስ ሳሰጣም ሆነ ከገበያ ስመለስ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በባልቴቷ በር ላይ ነበር። ያ ባጃጅ ካለ ልቤ ይረጋል። ከሌለ እስኪመጣ ድረስ ሥራ አይያዝልኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። በቆርቆሮው ጩኸት የልጄን ሳል ሳልሰማው ቀረሁ። ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። አቅፌያት ሮጥኩ። ሹፌሩ ምሳውን እየበላ ነበር፤ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ ጣለና ወጣ። የባጃጁ የግራ ጎን ሸራ ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር ዝናቡ ልጄ ላይ ሊገባ ሆነ። ቀበቶውን ከወገቡ ፈታና ሸራውን ከብረቱ ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ልጄን በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ በሌላው እጁ ሱሪውን ይዞ ሮጠ። እኔን ሀርሜ ነው የሚለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው። «ሀርሜ፣ እኔን አይዩ፣ እርሷን ይዩ» አለኝ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅሁ። ቀበቶው እዚያው ሸራው ላይ ታስሮ ቀረ፤ ለራሱ ሌላ ገዛ።

አሁን ወደ ነጋዴው ልመለስ። ነጋዴው ደረሰብኝ የሚለው በደል ይህ ነው፦ ባጃጁ ጥግ ላይ ስለሚቆም አይሱዙውን ከግቢ ሲያወጣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ማለት ነበረበት። ሌላ በደል አልደረሰበትም። ቀበሌ ቢሄድ «የአንተ አይሱዙስ የት ይቁም?» ይባል ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ጠራ። በእኛ አገር የሽማግሌ ጉባኤ፣ ጃርሳ የምንለው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ከሳሽም ተከሳሽም ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ መጨረሻ ላይ ታላቁ ይመርቃል። ከተመረቀ በኋላ ነገሩን መልሶ የሚቆሰቁስ ሰው ምርቃት አፍራሽ ይባላል፤ ሰው ከእርሱ ጋር ዕድር መግባት እንኳ ይሸሻል።

ባልቴቷ «ልጁ እስኪመጣ እንጠብቀው» አሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለባጃጅ ዋናው የሥራ ሰዓት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ቀኑ የተመረጠው ለዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰብሳቢው ተነሣና ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ እንዳልሆነ፣ በጠቅላላው ስለ ባጃጅ መሆኑን፣ ስለዚህ የሚጠበቅ ሰው እንደሌለ አስረዳ። ነጋዴው ከአፉ ቀበል አድርጎ፣ «ባጃጅ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም» አለ።

አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። መምህርቷ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። እርሷ አልሳቀችም። «ባጃጁ ባለቤት የለውም እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ከመናገሬ በፊት ሦስቴ አስባለሁ፣ ከተናገርኩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አስባለሁ። ያን ዕለት ግን ተነሣሁ። «ማሎ፣ እባካችሁ አባቶቼ፣ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም» አልኩ።

«አንቺማ ያንን ባጃጅ የግል አምቡላንስ አድርገሽዋል» አለ ነጋዴው። «አምቡላንስ አለልሽ፣ መደወል ነው።»

«ኦቦ፣ አምቡላንሱ ሲመጣ የእርስዎ አይሱዙ መንገዱን ይለቅለታል?»

አሁን የሳቀ የለም። ሚስቱ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ደመናውን እያዩ ነበር፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሊጨርሱ። እኔ ለታላቁ አባት «ያመጣዎት ልጅ እኮ ነው» ልላቸው አፌን ስከፍት ሰብሳቢው «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ባጃጅ በቅያሳችን አይቆምም» አለና ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ምርቃቱ ተጀመረ።

ምርቃት ላይ ቃል አይጣልም። ታላቁ አባት «ዋቅኒ ነጋ ሃ ቡሱ» አሉ፣ እግዚአብሔር ሰላም ያውርድ። ለሰፈሩ ፍቅር፣ ለቤቱ በረከት፣ ለልጆች ጤና ለመኑ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። እኔ እጄን ከነጠላዬ አላወጣሁም። ልጄ ግን ለልጆች ጤና ሲባል፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳታውቅ፣ ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሜን አለች።

ሹፌሩ ሲመለስ የነገሩት ባልቴቷ ናቸው። ሮጬ ሄጄ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሂድ፣ አልተሰማሁም በል፣ እኔ ምስክር እሆንሃለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ጃርሲ ኤቢሴራ፣ ሽማግሌው መርቀዋል፣ ሀርሜ። እኔ ባፈርሰው ነገ ሚስት ስጠይቅ ማን ይሄድልኛል?» አለኝ። ዲጋ ወረዳ የምትኖር እጮኛ አለችው። አባቱ በሕይወት የሉም፤ ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ሊልካቸው ያሰበው እነዚሁኑ ሽማግሌዎች ነበር። ይህን እያወቁ ነው በሌለበት ያስመረቁበት፤ ቢያንስ ሰብሳቢው ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባጃጁን ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ማሳደር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ተሰረቀ። ሌላ ገጠመና አንድ ጠዋት ፍራሹን ባጃጁ ላይ ጭኖ ሊሰናበተን መጣ። ኡኬ ከተማ ሥራ እንደሚሞክር፣ ካልሆነለት ቢላ እንደሚገባ ነገረን። ለልጄ የማርያም ብዕር የምትለውን ባለ ብዙ ቀለም እስክሪብቶ ሰጣት። ባልቴቷ አለቀሱ። ከነጋዴው ቤት የወጣ ሰው አልነበረም።

ወዲያው በባልቴቷ አጥር ላይ በቀይ ቀለም፣ በሁለት ቋንቋ፣ «ባጃጅ ማቆም ክልክል ነው» ተብሎ ተጻፈ። ባልቴቷን ያስፈቀደ የለም። ከጽሑፉ ሥር ማን እንደቆመ ልንገራችሁ? አይሱዙው። በቆሎ ጭኖ፣ ጎማው ቦዩ ላይ ወጥቶ፣ እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይውላል። ሰብሳቢውን ስጠይቀው «ጽሑፉ የሚለው ባጃጅ ነው» አለኝ፣ ማንበብ እንደማልችል ሁሉ።

ዝናቡ ሲበረታ የፈራሁት ደረሰ። የልጄ ደረት ተዘጋ። እንደተባልኩት አምቡላንስ ጠራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ መጣም። ግን ቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። አይሱዙው መንገዱን ዘግቶታል፣ ቁልፉን የያዘው ሹፌር ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ልጄን ይዤ ስወርድ እርጥቡ ድንጋይ አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። ከእጄ ተቀብላ እስከ አምቡላንሱ የሮጠችው መምህርቷ ናት። ጌታ ይመስገን፣ ልጄ ሐኪም ቤት በጊዜ ደረሰች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ» አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም፣ እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግሁም።

ነጋዴው ከነሚስቱ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። «ጌታ ይማራት» አሉ። ብርቱካኑን ተቀበልኩ፤ በታመመ ልጅ አልጋ አጠገብ ጠብ አይደረግም። አይሱዙው ግን ዛሬም እዚያው ነው።

ልጄ ሲሻላት ታላቁ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው የባጃጅ ልጅ ለምን እንደጠፋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። በር ላይ ክንዳቸውን ይዞ ያወረዳቸው፣ የመረቁት፣ የተፈረደበትም አንድ ሰው መሆኑን ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ያሽከረክሩ ጀመር።

«አንድ አፍ ብቻ አሰምተው አስመርቀውኛል» አሉ በመጨረሻ። «ያልተሰማ ሰው ካለ ነገሩ አላለቀም። ግን ያለ እርሱ አንዴ ተቀምጬ ተሳስቻለሁ፤ ያለ እርሱ ደግሜ አልቀመጥም። ልጁን አምጪልኝ።»

ስለዚህ ልጁን እፈልጋለሁ። ስልኩ ዝግ ነው ይላል፤ ኔትወርኩ ይሁን ቁጥሩን ቀይሮ ይሁን አላውቅም። ዲጋ ሰው ልኬ ነበር፤ የእጮኛው ቤተሰብ ክረምቱ ሳይገባ ነው ያየነው አሉ። ወደ ኡኬ በሚሄድ መኪና ሁሉ መልእክት እልካለሁ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ቀን አይሄድም። ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ታሞ ይሆን? መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ይሆን?

ቁመቱ መካከለኛ ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የባጃጁ የግራ ጎን ሸራ በቡናማ ቀበቶ የታሰረ ነው። ኡኬ፣ ቢላ ወይም ሌላ ቦታ ያያችሁት ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ። ለእርሱም ሽማግሌው እየጠበቁት መሆኑን ንገሩልኝ።