ቀን የሚተኛው ጋጋሪ

ጋጋሪው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም በዱቄት ጆንያ ስር ተቀብሮ ነበር። በዳቦ ቤቱ መጋዘን እስከ ጣሪያ የተደረደረው ክምር ከስሩ ላልቶ ኖሮ፣ አንዱን ሊስብ እጁን ሲሰድ ሁሉም ተናደበት። ደግነቱ አንድ ጆንያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ስለቀረ፣ ከፊቱ ሰሐን የምታህል ባዶ ቦታ ተረፈችው። ሸሚዙን ስቦ አፍንጫው ላይ አደረገና በዚያች ባዶ ቦታ መተንፈስ ያዘ። ቢጣራ ዱቄቱ ድምፁን ይውጥበታል። ማዶ ሊጥ የሚያቦኩት ሰዎች ግን ሲሳሳቁ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲያንጎራጉሩ ይሰማዋል። «ያ ልጅ የት ገባ?» አለ አንዱ። «የት ይገባል? አንዱ ጥግ ለሽ ብሎ ይሆናላ!» አለ ሌላው።

«እነሱ እስካወሩ ድረስ አልፈራሁም» ይል ነበር ጋጋሪው። «ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ጸጥ ሲል ነው የጨነቀኝ።»

ለቀጣዩ ቡኮ ዱቄት ሲፈለግ አገኙት። ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ብድግ ሲል፣ «ለሽ ብሎ ይሆናል» ያለው ሰውዬ መንፈስ መስሎት በጓሮ በር ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ስሙ እንቅልፌ ሆኖ ቀረ።

እንቅልፌ ግን ከዳቦ ቤቱ አልወጣም። ጋጋሪ አገር ሲተኛ ይነሳል፣ አገር ሲነሳ ይተኛል። የሰፈሩ ሰው ቁርሱን የሚቆርሰው እሱ ከምድጃ ባወጣው ዳቦ ነው፤ እሱ ግን ያን ጊዜ መጋረጃ ጋርዶ ተጋድሟል። ጡረታ ከወጣና ሚስቱን ከቀበረ በኋላም ሰውነቱ ልማዱን አልረሳም፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። እኔ ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቱ ነኝ። ደጃፋችን ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወሬ ስጀምርለት፣ ነገሩ ጣፍጦ ጫፍ ሳይደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። ዝም ስል ግን ብንን ይላል። «ቀጥል እንጂ፣ እየሰማሁህ ነው» ይለኛል። ምን እንዳልኩ ብጠይቀው አንዲት ቃል አያውቅም።

ጸደይ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ለሳምንት ሲዘጉ፣ ሴት ልጁ ሁለቱን የልጅ ልጆች ይዛ ከሌላ ከተማ መጣች። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሁሉ ነገር ላይ ስለምትፈርድ ዳኛዋ እንላታለን። ትንሹ ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ጉንጩ እንደ ቡኮ የተነፋ ስለሆነ ድንቡሼ ነው። አባታቸው መርከብ ላይ ይሠራል፤ የሚመጣው በስንት አንዴ ነው።

ሴት ልጁ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አለቃ ሊያደርጓት አስበው፣ በረጅሙ የትምህርት ቤት እረፍት ራቅ ያለ ቦታ ለሥልጠና ሊልኳት ነው። ልጅ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ወይ ልጆቹን ለአባቷ ትተዋለች፣ ወይ ማደሪያ ያለው የልጆች መዋያ ታስገባቸዋለች። በመጣች ዕለት በር ላይ ይዛኝ፣ «ጋሼ፣ ይችን ሳምንት ልየው። እኔ ቤቱን ቀለም እየቀባሁ እሱ ልጆቹን ይዞ ይውጣ። ቀን ቀን ነቅቶ ከዋለ እተውለታለሁ፤ አለዚያ አልችልም» አለችኝ።

እንቅልፌም ነገሩን አውቆታል። «ፈተና ላይ ነኝ» አለኝ ጫማውን እያሰረ። «በዚህ ዕድሜዬ!»

መጀመሪያ ቀን በአውቶቡስ ወጡ። የትም አልሄዱም፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዶ መመለስ ብቻ ነው። መስኮት ዳር ተቀምጠው የታጠበ ልብስ የተሰጣበትን ሰገነት፣ በር ላይ የተኛ ውሻ፣ መሰላል ላይ ሆኖ የሱቅ ስም የሚጽፍ ሰው አዩ። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጉልበቱ ላይ አረፈች። ተሳፋሪው ያወራል፣ ልጆቹ ያወራሉ፣ ሞተሩ ያንጎራጉራል። እንቅልፌ ያን ሁሉ ድምፅ እንደ ሞቀ ብርድ ልብስ ለበሰው። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ የልጅነቱ መንገድ መሰሉት፤ ድንቡሼ ሲስቅ የራሱ እናት የሳቀች መሰለው። ብንን ሲል ዳኛዋ የጆሮውን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች።

«አባባ፣ ተኝተህ ነበር።»

«ዓይኔን አሳርፌ ነው።»

«አንኮራፋህ እኮ!»

«ዓይንም ሲያርፍ ያንኮራፋል።»

ዳኛዋ ትንሽ አሰበችና ፍርዷን ሰጠች። ለእማዬ አይነገርም። ሲያንቀላፋ ዳኛዋ ጆሮ ትጎትታለች፤ ድንቡሼ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ይወራጫል። ውሉ ይኸው ነው።

በማግስቱ የሕዝቡ መናፈሻ ሄዱ። ኩሬው ላይ በእግር የሚዘወር ጀልባ ይከራያል። ዛፎቹ አበባቸውን ያራግፋሉ፤ ውሃው ላይ ነጭና ሮዝ የአበባ ቅጠል ተንሳፍፏል፤ ጀልባዋ ስታልፍ ይከፈትና መልሶ ይገጥማል። ዳክዬዎቹ ዳቦ ለመኑ። ዳኛዋ ትዘውራለች፣ ድንቡሼ ዳክዬዎቹን በስም ይጠራል፤ ስማቸውን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ለሁሉም አንድ ስም። እንቅልፌ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሰማዩን እያየ ነበር። ሰማዩ ወረደ፣ ውሃው ወጣ፣ እሱም በመሐል እየተንሳፈፈ ሄደ። እዚያም ጆሮው ተጎተተ።

በሦስተኛው ቀን ከባቡር ሐዲዱ በላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ቆመው ባቡር ሲያልፍ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ነጂውም ጡሩምባ ነፋላቸው። ድንቡሼ የነፋው ለእሱ ብቻ እንደሆነ እስከ ማታ ሲምል ዋለ። ከዚያ አይስክሬም ገዝተው ሣር ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ዳኛዋ አበባ ስትለቅም ነበርና ጆሮ የሚጎትት ጠፋ።

ማታ እራት ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ የሴት ልጁ ክንድ እስከ ክርኗ ቢጫ ነው። ድንቡሼ አፉን ሞልቶ፣ «እማዬ፣ አባባ ሲተኛ ጢሙ ላይ ጥንዚዛ ወጣች። አፉ ልትገባ ነበር፣ እኔ አወጣኋት!» አለ።

ዳኛዋ ከጠረጴዛ ስር ረገጠችው።

«ምን ትረግጪኛለሽ? እውነቴን ነው!»

ሴት ልጁ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ልጆቹን ይዘህ ሜዳ ላይ ተኛህ?»

«ተኛሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች ዳኛዋ ቶሎ ብላ።

«አይደለም!» አለ ድንቡሼ በኩራት። «አውቶቡስም ውስጥ፣ ጀልባም ላይ!»

«ጀልባ ላይ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልተናገረችም፤ እሷ በአባቷ ቤት ጮኻ አታውቅም። «አባዬ፣ እኔ በዚህ ቤት በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ ነው ያደግኩት። ‹ሽሽ፣ አባትሽ ተኝቷል።› አሻንጉሊቴን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የማናግራት። አሁን ደግሞ ልጆቼ እንቅልፍህን ይጠብቁ?»

እንቅልፌ ኩሩ ሰው ነው፤ ሰበብ አልደረደረም። ፊቱ ያለውን ዳቦ ቆረሰ፣ ግን አልበላውም። «ነገ አንቺም አብረሽን ነይ» አለ።

«ቀለሙ አላለቀም።»

«ቀለሙ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

በማግስቱ አምስታችንም ወጣን። ስንቁን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ እንቅልፌ ማልዶ ተነስቶ ራሱ የጋገረው ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ በቴርሞስ ሻይ። ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ ሜዳ አለ፤ በዳር በኩል ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ጅረት ይወርዳል። ሣሩ ከእርጥበቱ ገና አልደረቀም። ንቦቹ ከአበባ አበባ ሲዞሩ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚሰማ መዝሙር ነው። ልጆቹ ጫማቸውን ወርውረው ወደ ጅረቱ ሮጡ።

ሴት ልጁ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ወሬ የጀመረው እንቅልፌ ነው።

«ያኔ እኮ አልተኛም ነበር።»

«መቼ?»

«ልጅ ሳለሽ። እናትሽ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ትደፍናለች፣ አንቺ በጣትሽ ትሄጃለሽ። ቤቱ ጭር ይላል። ጭር ሲል ደግሞ እኔ ዓይኔ ይፈጣል፤ ጆንያው ይመጣብኛል። ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ፣ ምነው አንድ ነገር በሰበረች፣ ምነው በሳቀች እላለሁ። ድምፅሽን ብሰማ እንቅልፍ ሽው አድርጎ ይወስደኝ ነበር።»

ዞር ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? እናትሽ ለእኔ ብላ ስትለፋ፣ ልፋትሽ ነው እንቅልፍ የነሳኝ ልበላት? ደግሞስ ሚስትና ልጅ ያለው ወንድ ጸጥታ እፈራለሁ ይላል?»

«ስንት ዓመት!» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ዝም፣ አንተ ፍጥጥ!»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ሆነ። ሳቋ ደግሞ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ ከጅረቱ ቀና ብለው አዩ። እንባዋን በቢጫ ክንዷ ጠረገች።

ከዚያ እንቅልፌ ማውራት ጀመረ። ሰምቼው የማላውቀውን ያህል አወራ። ስለ እርሾ አመል፣ በብስክሌት ዳቦ ሲያደርስ ዝይ አሳድዶት ጉድጓድ ስለገባው ሰው፣ እናቷን መጀመሪያ ያያት ዕለት ዱቄት በቅንድቡ ላይ ስለመኖሩ። እሷ ኮቷን አጥፋ ጭንቅላቷን አሳረፈች። «እሺ... ከዚያስ?» አለች። ቆይታ «ከዚያስ...» አለች። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ሆነ። የፋብሪካው ድካም፣ የቀለሙ ድካም፣ ምናልባትም ከዚያ የቆየ ድካም በአንዴ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። የአበባ ቅጠል ጸጉሯ ላይ ወደቀ፤ አልሰማችውም።

ዳኛዋ ውሃ እያንጠባጠበች መጣችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ሽሽ! እማዬ ተኝታለች።»

«ማነው ሽሽ ያለው?» እንቅልፌ ተቆጣ፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር። «ሽሽ የሚባል የለም! ሂዱ ተጫወቱ። ጩኹ!»

«ትነቃለች እኮ።»

«አትነቃም። የማን ልጅ መሰለችሽ?»

ልጆቹ አላመኑትም። ስለዚህ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጉልበቱን እየያዘ ራሱ ጅረቱ ውስጥ ገባና እንደ ዳክዬ ጮኸ። ድንቡሼ ከሳቁ ብዛት ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። እንቅልፌ አሳደዳቸው፣ አሳደዱት፣ ድንጋይ እየደረደሩ ውሃውን ሲገድቡ እሱ አለቃ ሆነ። «ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጥና እረፍ!» ብዬ ብጣራ፣ «ከተቀመጥኩማ አለቀልኝ!» አለኝ። ያን ከሰዓት በሙሉ ዓይኑን አልከደነም፤ ከሚንጫጩት ሁሉ የእሱ ድምፅ ይበልጥ ነበርና እንቅልፍ በየት በኩል ይግባ?

ጥላው ሲረዝም ሴት ልጁ ነቃች። አልተጣራችም። በክርኗ ተደግፋ፣ ገና ከሕልሟ እንዳልወጣ ሰው፣ ዝም ብላ አየቻቸው። አባቷ እስከ ወገቡ ረጥቦ፣ ድንቡሼን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከዳኛዋ ጋር ግድቡ መፍረስ አለበት የለበትም እያለ ይከራከራል።

አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹ ተደራርበው ተኙ። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ድንቡሼ የእንቁላል አስኳል አይበላም» አለች። «ዳኛዋ ደግሞ ጥርሷን ሳትቦርሽ ቦረሽኩ ትላለች፤ ብሩሹን ንካው፣ ደረቅ ከሆነ ዋሽታለች።»

«ለማን ነው የምትነግሪው?» አለ እንቅልፌ።

«ለሚጠብቃቸው ሰው ነዋ። ውሃ ዳር ግን ያለ ጋሼ ንቅንቅ የለም። ሰምተኻል?»

«ሰምቻለሁ» አለ። እኔም ሰምቻለሁ አልኩ።

ልጆቹ በረጅሙ እረፍት መጡ፤ ግድግዳችን ከጩኸት ብዛት ፈርሶ ነበር ብል ያንሳል። እናታቸው ከሥልጠናው ተመልሳ ከወሰደቻቸው በኋላ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን ጠየቅኩት። «በዕድሜህ ካየኸው ሁሉ የበለጠብህ ምንድን ነው?»

ብዙ አላሰበም።

«ልጄ ልጆቹን ልትወስድ መጥታ ሳለች ከጓዳ ሆና ‹አባዬ!› ብላ ጮኸች። ደንግጬ ስሄድ፣ ጨው የት ነው ያለው ትላለች። ጨው! በዚያ ቤት ተወልዳ አድጋ፣ ከክፍል ክፍል ጮኻ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰው በአባቱ ቤት ሳይፈራ ሲጮህ መስማት፤ ከዚያ የበለጠ እኔ አላየሁም።» እግሩን ዘረጋና ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። «በል አሁን አንተ ወሬህን ቀጥል። እኔ እሰማሃለሁ።»