ሙቢናና ሁለተኛው ፍሎው

ሙቢና አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከቢሮው ጋር በአማርኛ የምትግባባ የኮምባይነር አከራይ ድርጅት ሠራተኛ ናት። ስንዴ ሲደርስ ገበሬው ኮምባይነር ፍለጋ የሚደውለው ለእሷ ነበር። ኋላ ኮድ ሳይጻፍ፣ ሣጥንን ከሣጥን በማያያዝ ብቻ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር መጣ፤ ሙቢና እየነካካች ለመደችው። የገበሬውን ጥያቄ ተቀብሎ የሚመዘግብ፣ ተራ የሚያስይዝና ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሐቢብ ለፈቃድ የሚያቀርብ ሰንሰለት፣ በሶፍትዌሩ አጠራር ፍሎው፣ ሠራች። ቢሮው ውስጥ "የሙቢና ፍሎው" ተባለ። እንዲህ ሲሉት ስትሰማ ደስ ይላት ነበር።

አምና የምስራች ተቀጠረች፤ ከሆሳዕና የመጣች ዝምተኛ ልጅ። ብዙም ሳትቆይ የራሷን ፍሎው ሠራች። ጥያቄው ሲፈቀድ ቅርብ ያለውን ኮምባይነር ፈልጎ ለሾፌሩ ቦታውን፣ ለገበሬው ቀኑን ይልካል። አቶ ሐቢብ አየውና "ሥራ ማለት ይሄ ነው" አለ። ለሙቢና እንዲህ ብሏት አያውቅም።

"ሙቢና፣ ያንቺ ሲጨርስ የእሷ በራሱ እንዲነሳ አድርጊው" አላት።

"እሺ" አለች። የደከመችበት ሥራ ለሌላ ሰው በር ከፋች ሊሆን ነው።

የምስራች ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። "ሙቢ፣ መጨረሻ ላይ የእኔን የሚጠራ ሣጥን ጨምሪልኝ። የጥያቄውን ቁጥር ካቀበልሽኝ ይበቃል።"

እንደማይበቃ ሙቢና ወዲያው ገባት። የተጠራ ፍሎው የሚያውቀው የጠራው ያቀበለውን ብቻ ነው፤ የገበሬው ስም፣ ስልኩና ቀበሌው አብረው ካልሄዱ ባዶ እጁን ይነሳል። ልትናገር አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። የተባለችውን ብቻ ሠራች።

አጨዳው ሲጀመር ሾፌሩ ሊበን ከሮቤ ደወለ። "መልእክት መጥቶልኛል፤ ቦታም ስምም የለውም። ወዴት ልሂድ?"

ሙቢና መዝገቡን አይታ ነገረችው። ሌሎቹም ሾፌሮች ተከታትለው ደወሉ። የምስራች ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ ስህተቱን ከራሷ ሥራ ውስጥ ትፈልጋለች። ሙቢና ግን ስልክ ባነሳች ቁጥር ልቧ ሞቅ ይላል፤ እንደ ድሮው ሁሉም እሷን ፈላጊ ሆኗል።

በዚህ መሀል ጎበሳ በሚባለው አካባቢ ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ኦቦ ሁሴኖ የሚባሉ የዚያው አካባቢ ሽማግሌ ገበሬ ደወሉ።

"ልጄ፣ ዝናቡ ኮምባይነሩን ቀደመው። በወንዙ በኩል ያለው ስንዴዬ ጋሽቦ መሬት ላይ ተኝቷል።"

"ተራዎ እኮ ደርሶ ነበር። መልእክት አልመጣልዎትም?"

"ምንም አልመጣልኝ። እኔም ትደውያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሙቢና ስልኩን ዘግታ ወደ የምስራች ሄደች።

"ያቀበልኩሽ ቁጥሩን ብቻ ነው። ችግሩ እሱ ነው።"

የምስራች ቀና ብላ አየቻት። "እንደማይበቃ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

የምስራች የሙቢናን ፍሎው ከፈተች። አብረው ተቀምጠው ስሙም ስልኩም ቀበሌውም እንዲሻገር አደረጉ፤ ሊበንም ወደ ጎበሳ ተላከ። ቆሞ የቀረው ስንዴ በኮምባይነሩ ተሰበሰበ፤ የጋሸበውን የኦቦ ሁሴኖ ጎረቤቶች በማጭድ አጨዱላቸው፤ ግማሹ ግን በስብሷል።

አቶ ሐቢብ ሲጠይቅ የምስራች "ቁጥሩ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ስህተት ነው" አለች። የሙቢናን ስም አላነሳችም። ሙቢናን ይህም አስቀናት። ብትከሳት ይቀላት ነበር፤ ጥፋቱን በመሸከም እንኳ በለጠቻት።

ከዚያ በኋላ የሙቢና ስልክ ጸጥ አለ። ሾፌሮቹ መንገዳቸውን ያውቃሉ፤ ገበሬዎቹ ቀናቸውን ያውቃሉ። አጨዳው ሊያልቅ ሲል ኦቦ ሁሴኖ ደወሉ።

"ለላይኛው ማሳዬ ቀኑን የሚነግር መልእክት መጣልኝ፤ ኮምባይነሩም በሰዓቱ ደረሰ። የላክሽው አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም። የምስራች የምትባል ናት የሠራችው።"

"እንግዲያው አመስግኝልኝ።"

ወዲያው አልነገረቻትም። ምሳ በልታ ተመልሳ፣ ሌላ ሥራ ነካክታ፣ ከዚያ ነው የነገረቻት። የምስራች "እሺ" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ሙቢናም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አሁንም ትቀናለች፤ የሚያስፈልገውን ግን ሳታጎድል ታቀብላለች።