አባ ጁምዓ የወተፉት ድምፅ

ላፕቶፕ ሲያመው አሶሳ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ «ፀሐይ ላይ አስጣው» ይላል፣ ሌላው «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ነካክተው ነካክተው ሲያበላሹት እኔ ዘንድ ይመጣል። ኢቲዳል ግን ማንንም ሳታስነካ በቀጥታ ወደ ሱቄ ስለመጣች ገና ሳልከፍተው ወደድኳት።

«ወንድም ሂርጳ፣ ድምፅ የለውም» አለችኝ። «ከሰኔ ጀምሮ ዝም ብሏል። የአባቴ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለም።»

አባቷ አባ ጁምዓ ሐምሌ ላይ ሞተዋል። አምና በመኸር ጥሩምባ ሲነፉ ቀርጻቸው ነበር። ዋዛ የሚባለውን ረጅም የቅል ጥሩምባ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲነፉ ሰፈሩ ሥራውን ጥሎ ይወጣ ነበር። ልጆች ሆነን አቧራ እያስነሳን ከኋላቸው የጨፈርነው ዛሬም ይናፍቀኛል። አሁን ሠርጉ ሁሉ በስፒከር ሆኗል፤ ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ልብ አያሞቅም። ታዲያ ሰውዬው በወጉ ላይ ግትር ነበሩ። ከዘር በኋላ ንፉልን ያላቸውን ሁሉ «እህል ቆሞ ጥሩምባ አይነፋም፤ ማሽላው ይግባና ኑ» ብለው ይመልሱት ነበር።

ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። የድምፁን ፕሮግራም አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ወይ ፍንክች! እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እጅ እጄን ታያለች፤ ስፒከሩ ተቃጥሎ ይሆናል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አቧራውን ላራግፍ ጎኑን ሳዞረው የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ተወትፏል። በወረንጦ ሳብኩት። ገመዱ በቢላ የተቆረጠ የማዳመጫ ጫፍ ነው። ማሽኑ ማዳመጫ የተሰካበት መስሎት ኖሯል ዝም ያለው።

«ማነው እንዲህ የሚጫወትበት?» አልኩ ተናድጄ።

ኢቲዳል ጫፏን ተቀብላኝ መዳፏ ላይ አየቻት።

«አባቴ ነው» አለች። «ማዳመጫ ስሰካ ዝም እንደሚል ያውቅ ነበር። ሰኔ ላይ ቀረጻውን ስከፍት፣ ዘር ተዘርቷል ዝጊው ብሎ ተቆጣኝ። ማሽን እኮ ነው ብዬ ሳቅሁ።»

ቀረጻውን ከፈትኩላት። አባ ጁምዓ ሳል ሳል አሉና በበርታኛ «ኢቲዳል፣ ልጀምር?» አሉ። ለመንፋት ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማን። ያኔ እጇን ሰድዳ ዘጋችው።

ከሱቄ ጀርባ ያለው ማሽላ ገና አረንጓዴ ነው። እሱን አየት አደረገችና ጫፏን ወደ ቀዳዳው መልሳ ሰካቻት።

«ማሽላው ሲገባ አንተው ታወጣልኛለህ» አለችኝ።

ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች። እኔ አንዲት መደብ መሬት የሌለኝ ሰውዬ፣ ይኸው እንደ ገበሬ የማሽላ ዛላ ማየት ጀምሬያለሁ።