የአውራ ጣት ወርድ

መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሲያረጅ «በግምት» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ አሳምሮ ነው የሚሳሳተው!

የአውቶቡሱ ባለቤት ከልኩ የሰፋ ጎማ አምጥቶ «ግጠምልኝ» አለው። ገጠመለት። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ግን የፊት ጎማው ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ መፋቅ ጀመረ። ይቺ ለሱ ምን አላት! ጎማው ከልክ በላይ እንዳይታጠፍ የሚያግደውን ብሎን የአውራ ጣት ወርድ ያህል አስረዘመውና ፍትጊያው ቀረ። ለሾፌሩ ሊነግረው አስቦ ነበር፤ ሌላ መኪና መጣና ረሳው።

ሾፌሩ ባዕድ አይደለም፣ የሚሊሜትር ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ዳገቱ ላይ ያለውን ኩርባ ሃያ ዓመት ባንድ ዙር ሲታጠፈው ኖሯል። በማግስቱ ግን እምቢ አለው። የአውቶቡሱ አፍንጫ ከአለቱ ጋር ተፋጠጠ፤ ወደ ኋላ ሲመልስ የኋላ ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰ። ፍሬኑ ያዘና ማንም አልተጎዳም። ተሳፋሪው ግን ወርዶ «አንተ ሽማግሌ፣ ካቃተህ ቤትህ አትቀመጥም?» አለው።

ሾፌሩን ቀኝ ትከሻው ከአምና ጀምሮ ያመው ነበር። «መሪውን ጨርሼ ያዞርኩ መሰለኝ እንጂ እጄ ሰንፏል» ብሎ ቁልፉን ለአውቶቡሱ ባለቤት አስረከበ።

ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ጋራዡን ከውስጥ ቆልፎ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣለ። ከኋላ ጎማዎቹ ወደ ጎን አንድ መስመር ዘረጋ፤ ከታጠፈው የፊት ጎማም ቀጥ ባለ ማዕዘን ሌላ መስመር። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ መኪናው የሚዞርበት ክብ መሐል ነው። አርባ ዲግሪ ይታጠፍ የነበረው ጎማ ወደ ሠላሳ ሦስት ሲወርድ ነጥቡ ሸሸ፤ ክቡ በሁለት ሜትር ከሰማንያ ሳንቲሜትር ሰፋ። ያ ኩርባ ደግሞ አንድ ሜትር እንኳን ትርፍ የለውም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው። ጠመኔውን በጫማው አጠፋ፤ ለባለቤቱ «ይሄ ጎማ አይበጅህም» ብሎ የድሮውን መልሶ ገጠመ፣ ብሎኑንም ወደ ቦታው መለሰ። መኪናውን አዳነ፣ ሰውየውን ግን ዝም አለው። ሚሊሜትር ተሳሳትኩ ብሎ በየት አፉ ይናገር! ነገ እነግረዋለሁ ይላል፤ ነገም ይመጣና ያልፋል።

ሾፌሩ እነ ሚሊሜትር ቤት መዋል ጀመረ። እህቱ ትከሻውን በዘይት እያሸች «እስቲ አሁን አዙረው፣ ጋሼ» ትለዋለች። እሱም ባዶ አየር ላይ መሪ ያዞራል። ሚሊሜትር ምሳውን እየበላ ያያል።

በዘጠነኛው ቀን ሾፌሩ እየታሸ «አዲሱ ሾፌር ኩርባውን ባንድ ዙር ታጠፈው አሉ» አለ። «መኪናው ደህና ነበር ማለት ነው። በቃ፣ ነገ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ።»

«ጋሼ፣ ተው» አለ ሚሊሜትር። «እጅህ ምንም አልሆነም። ብሎኑን አስረዝሜው ሳልነግርህ ቀርቼ ነው። በኋላ በድብቅ መለስኩት።»

«መቼ አወቅክ?»

«የዚያኑ ቀን።»

የሚስቱ እጅ በዘይት እንደራሰ ወንድሟ ትከሻ ላይ ቀረ። ሾፌሩ ቀስ ብሎ እጅጌውን አወረደ።

«መርሳትማ ማንም ይረሳል» አለ። «እህቴ ዘጠኝ ቀን ስታሸኝ ግን እዚህ ተቀምጠህ ታይ ነበር።»

ተነስቶ ወጣ። ሚስቱም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ባሏን ቀና ብላ ሳታይ፣ ወንድሟን ተከትላው ወጣች።