የጋሽ ይልማ የመስኮት ድንጋዮች

ጋሽ ይልማ ዐርፈዋል። ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እዚህ ለንደን፣ ባተርሲ በሚገኘው ቤታቸው ከመስኮቱ አጠገብ በወንበራቸው እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። ያልሰማችሁ ካላችሁ በዚህ ጽሑፍ ስላረዳኋችሁ ይቅር በሉኝ።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከእኔ ከግርማ የተሻለ ሰው የለም። ካስተማሯቸው ሁሉ አንደኛው ተማሪ እኔ ነኝ! ለንደን መሀል፣ እኔ በምኖርበት በዊልስደን ሰፈር አዳራሽ የእሳቸውን ትምህርት የእኔን ያህል የተከታተለ ሰው ገና አልተወለደም። ሌላው ስምንት ሳምንት ተምሮ ሲሄድ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊት ወንበር አልተነቃነቅኩም። እርግጥ ነው፣ ያልተነቃነቅኩት የእንግሊዝን የዜግነት ፈተና አራት ጊዜ ስለወደቅኩ ነው።

ጋሽ ይልማ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ለዜግነት አፕላይ ያደረግነውን ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ሌላው አስተማሪ ወረቀት አድሎ ሸምድዱ ይላል። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን የብሪታንያን ደሴት ካርታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፈው መካከሏ ላይ አቆሙን።

«በፈለጋችሁበት በኩል ሂዱ። መጨረሻችሁ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ!» አልኩ እኔ።

«ለአንተ ግድግዳ ነው፤ ለእነሱ ውሃ ነው። ይህች አገር የጻፈችውም፣ የተዋጋችውም፣ የበደለችውም ከዚያ ይጀምራል።»

እኔ መቼም ዝም አልልም። «ጋሼ፣ እኛስ በተራራ ተከበን አይደል የኖርነው?» አልኳቸው።

«ተራራን ትወጣዋለህ። ባሕርን ምን ታደርገዋለህ? ወይ ትፈራዋለህ፣ ወይ መርከብ ትሠራለታለህ። እነዚህ ሁለቱንም አደረጉ።»

ስለ ሥነ ጽሑፋቸው ሲያስተምሩ ደግሞ፣ «የደሴት ሰው የሚጽፈው ሁለት ታሪክ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ከባሕር ይመጣል፣ ወይም አንድ ሰው በባሕር ይሄዳል» ይሉ ነበር። ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲነሣ፣ «ጎረቤት ስላልነበራት ዓለምን በሙሉ ጎረቤቷ አደረገች፤ ሳታስፈቅድ» አሉን። ያን ጊዜ ቢሮ የምታጸዳው እህታችን ዘነበች እጇን አወጣች።

«ታዲያ ጋሼ፣ እኛ ጎረቤቶቿ ስንመጣ ለምን ቪዛ ጠየቀችን?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም። «ይሄ ፈተናው ላይ አይመጣም ዘነበች። ትክክለኛው ጥያቄ ግን እሱ ነው» አሉና በጥቁር ሰሌዳው አናት ላይ ጻፉት። ለወራት ማንም አላጠፋውም።

ዘነበች ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር። ያለ ፓስፖርት ደግሞ አገር ቤት ታመው የተኙትን እናቷን ማየት አትችልም። ጋሽ ይልማ አውቶቡሳቸው ውስጥ ስትገባ እንኳ አይምሯትም። «ያ የጥንቱ ንጉሣቸው ስንት ሚስት ነበረው?» ይላሉ ከመስታወቱ ጀርባ። «ስድስት ጋሼ! ሁለቱን አንገታቸውን አስቆረጠ!» ትላለች የመሳፈሪያ ካርዷን እያስነካች፤ ከኋላዋ የተሰለፈው እንግሊዛዊ ሁሉ ምን ጉድ ነው ብሎ ይተያያል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትፈተን የሾፌር ልብሳቸውን እንደለበሱ ውጭ በረዶው ላይ ቆመው ጠበቋት። አብሬያቸው ነበርኩና፣ «አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ» ብላቸው፣ «እሷ ውስጥ እየተጨነቀች እኔ እዚህ ልዝናና?» አሉኝ። አለፈች። እናቷንም በሕይወት አገኘቻቸው።

ያለፈ ሁሉ ግን ሌላ ፈተና ነበረበት። «የወረቀቱ የመንግሥት ነው፤ የእኔ ፈተና ባሕሩ ነው» ይሉ ነበር። ተማሪው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዶ፣ ውሃውን በዓይኑ አይቶ፣ አንድ ድንጋይ ያመጣላቸዋል። እሳቸው ድንጋዩን መስኮታቸው ላይ ይደረድሩታል። ዘነበች መካከሉ የተበሳ፣ ጣት የሚያህል ጠጠር አመጣች።

እኔ በአምስተኛው ሳልፍ ድፎ ዳቦ የሚያክል ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። «ማዕበሉ ጋሼ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ነበር! ከጥርሱ ፈልቅቄ ነው ያመጣሁልዎት!»

ድንጋዩን አገላብጠው አሸተቱት። «ግርማ፣ ይሄ ባሕር እንዴት ያለ የአትክልት አፈር ይሸታል?»

«ዝናብ ስለነበረ ነው ጋሼ።»

«ይሆናል» አሉና ከሁሉ መካከል አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር። «ያንን ማዕበልህን አብረን ሄደን ሰላም አንለውም?» እኔም አንድ ጊዜ ጉልበቴን፣ አንድ ጊዜ ሥራዬን፣ አንድ ጊዜ የባቡሩን አድማ አመካኛለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉልኝ ከማረፋቸው ዐሥር ቀን በፊት ነው። ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «የሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው።

ለመታሰቢያቸው ስንሰበሰብ፣ እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው ሐና ድንጋዮቹን በካርቶን ይዛ መጣች። «ዳዲ ለሁሉም ሪተርን አድርጊላቸው ብሎኛል። ጋሽ ግርማ፣ የእርስዎ ሄቪ ነው፣ በሁለት እጅ!» አለችኝ። በየድንጋዩ ሥር በጋሽ ይልማ የእጅ ጽሑፍ የሰውየው ስምና ድንጋዩ የመጣበት ቦታ ተለጥፏል። የዘነበችው «ብራይተን» ይላል፤ ባሕሩ ዳር ያለችው ከተማ ናት። ሐና የእኔን ገልብጣ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ግርማ፤ ዊልስደን፣ ለጊዜው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዊልስደን ባሕር አለ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ድንጋዩን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጽሑፉን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ጋሽ ይልማ፣ በደህና ይሂዱ። ይህችን ደሴት ከነክብሯ ከነነውሯ ስላሳዩን፣ በረዶ ላይ ቆመው ስለጠበቁን፣ ውሸት ይዤ ስመጣም ከመካከል ቦታ ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንጋዩን ያነሣሁት ከጎረቤቴ የጽጌረዳ መደብ ነው፤ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ቀበሮ ነው የወሰደው ትላለች። እርስዎ ያውቁ ነበር። «ለጊዜው» ብለው ጻፉልኝ፤ ጊዜውን ግን እኔ ጨረስኩት። በባሕር ላይ የደረሰብኝ የሚያሳዝን ታሪክም የለኝም፤ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፣ ያውም የመስኮቱን መከለያ ዘግቼ። ውሃ እፈራለሁ ጋሼ። በዚህች ደሴት ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ባሕሩን አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።